በላዳ ታምቡር ውስጥ የተደበቀው ቀለበት

ከጊዮርጊስ ተነስቶ በማዘጋጃ ቤት በኩል ቸርችል ጎዳናን ይዞ ወደ ለገሃር የሚወርድ ሾፌር ከነዳጁ ይልቅ ፍሬኑን ነው የሚረግጠው። መንገዱ ቁልቁል ነዋ! እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ መኪናው ላይ እያለ የነበረው ጉልበት ታች ሲደርስ የት ገባ?

እናስላው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባች አንዲት ላዳ ታክሲ ባዶዋን 950 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ሾፌሩንና አራት ተሳፋሪዎችን ጨምረን 1,300 ኪሎ ግራም እንበል። የቁልቁለቱን ከፍታ ደግሞ ለስሌት እንዲመቸን 100 ሜትር እናድርገው። 1,300 በ9.8 ሲባዛ፣ እንደገና በ100 ሲባዛ ወደ 1.27 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። ቁጥሩ ምንም ካልነገራችሁ እንዲህ አስቡት፤ 20 ዲግሪ ላይ ያለ 4 ሊትር ውሃ አዲስ አበባ ላይ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ሞተሩና አየሩ ይካፈሉታል። የቀረው ግን ከጎማዎቹ ጀርባ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ያውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ።

ያንን ሙቀት የሚቀበሉት ዕቃዎች ከውጭ ሲታዩ ቅባትና አቧራ የጠጣ ብረት ብቻ ናቸው። ከፍታችሁ፣ ሲብስም በመጋዝ ቆርጣችሁ ስታዩዋቸው ግን አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት አስቦ የደበቀው ነገር ታገኛላችሁ። ይህን ማወቅ ለአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክሏል። መንገድ ላይ ያሉት ላዳዎች፣ ቮልስዋገኖችና ፊያቶች እንግዲህ ዕድሜያቸው የሚረዝመው በዕቃ ነው። ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ያገለገለ ዕቃ ብታነሱ፣ ጤነኛውና ያለቀለት ጎን ለጎን ሆነው መንታ ይመስላሉ። ልዩነቱ ያለው ውስጥ ነው።

ፊያት የምትመስለው ላዳ

በደርግ ዘመን አዲስ አበባን የሞሏት ላዳዎች ትውልዳቸው ጣሊያን ነው ማለት ይቻላል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋዋለች፤ በቮልጋ ወንዝ ዳር ቶሊያቲ ከተማ ላይ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1970 የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ወጡ። መነሻዋ ፊያት 124 ነበረች። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ከሩቅ ለመለየት ይቸግራል።

ውስጣቸው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ፊያት 124 በሶቪየት መንገዶች ላይ ሲፈተን ብዙ ነገሩ አልቻለም። ላሜራው እንዲወፍር፣ መኪናው ከመሬት ከፍ እንዲል ተደረገ። ሞተሩም ተለወጠ። የፊያቱ ካምሻፍት ታች በሞተሩ አካል ውስጥ ሲሆን፣ የላዳው ግን ቴስታታው ላይ ተቀመጠ። ባትሪ ሲሞት ሞተሩን በእጅ ለማስነሳት የሚያገለግል የብረት መዘውር ማስገቢያ ቀዳዳ እንኳ ተጨመረላት።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ለውጥ የኋላ ፍሬን ነው። ፊያት 124 በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን ነበራት። ዲስክ ጥሩ ነው፤ ግን ክፍት ነው። ጭቃና አሸዋ በበዛበት መንገድ የኋላ ጎማዎች ላይ የሚረጨው ቆሻሻ በዲስኩና በሸራው መካከል እየገባ ቶሎ ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ የሶቪየት መሐንዲሶች የኋላውን በታምቡር ለወጡት። ታምቡር ስሙ እንደሚለው ከበሮ ነው። ሁለት ግማሽ ጨረቃ መሰል ብረቶች ሸራ ተለጥፎባቸው በከበሮው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ፍሬን ሲረገጥ ወደ ውጭ ተከፍተው የከበሮውን ግድግዳ ይገፋሉ። ጭቃው ውጭ ይቀራል።

(በነገራችን ላይ እስካሁን የጻፍኳቸውን ቃላት ልብ በሉ። ፍሬን፣ ታምቡር፣ ላሜራ፣ ቴስታታ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮንና ቶርኖም እንደዚያው። ከጊዮርጊስ ጥቂት እርምጃ ዝቅ ብላችሁ የምታገኙት ሰፈር ራሱ ፒያሳ አይደል የሚባለው?)

ግን ታምቡር የራሱ ጣጣ አለው። ዲስክ ሲሞቅ ይወፍራል፤ ማለትም ወደ ሸራው ይጠጋል። ታምቡር ሲሞቅ ግን ይሰፋል፤ ማለትም ከሸራው ይሸሻል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ሲል የሚሰማችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በዚያ ላይ ታምቡር ዝግ ስለሆነ ሙቀቱ እንደ ልቡ አይወጣም። ታዲያ ምን ይደረግ?

ሁለት ብረት፣ አንድ ከበሮ

ለታምቡር ሁለት እጩዎች ነበሩ። አንደኛው ጊዛ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስ፣ ካርቦን የበዛበት ብረት። ጊዛ ጠንካራ ነው፤ ሸራ ሲፈትገው ቶሎ አያልቅም። ግን ከባድ ነው፤ ሙቀትም ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። ሁለተኛው አሉሚኒየም ነው። ክብደቱ የጊዛን ሲሶ ገደማ ሲሆን፣ ሙቀት ደግሞ በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጥ ያስተላልፋል። ችግሩ ለስላሳ ነው። ሸራው በቀጥታ ቢፈትገው ይጋጋጣል።

የላዳ ታምቡር መልስ ሁለቱንም መያዝ ነበር። ከውጭ የምታዩት ከበሮ አሉሚኒየም ነው። ሸራው የሚነካው የውስጥ ግድግዳ ግን የጊዛ ቀለበት ነው። ቀለበቱ በብሎን አልታሰረም፤ አልተበየደምም። ፋብሪካው ውስጥ አስቀድሞ በቅርጹ ውስጥ ይቀመጥና የቀለጠው አሉሚኒየም ዙሪያውን ይፈስበታል። ሲቀዘቅዝ ሁለቱ አንድ ዕቃ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ምህንድስና የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ እኔም የድህረ ምረቃ ትምህርት ላይ እያለሁ ነው በደንብ ያሰላሁት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከጊዛ በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። ታምቡሩ ውስጡ 250 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። በ100 ዲግሪ ሲሞቅ አሉሚኒየሙ ከቀለበቱ በ0.3 ሚሊ ሜትር በልጦ ሊሰፋ ይፈልጋል። ታዲያ ቀለበቱ ለምን አይላቀቅም?

መልሱ በአሠራሩ ውስጥ ነው ያለው። አሉሚኒየሙ ቀለበቱ ላይ ሲፈስ ከ600 ዲግሪ በላይ ነበር። ከዚያ እስከ ክፍል ሙቀት ሲቀዘቅዝ ከቀለበቱ እጅግ በልጦ ሊኮማተር ፈለገ፤ ቀለበቱ መሃል ስላለ ግን አልቻለም። ስለዚህ ጨምድዶ ያዘው። በርሜል ላይ በእሳት አግለው የሚያስገቡትን የብረት ቀለበት አስቡት፤ ሲቀዘቅዝ እንጨቱን አንቆ ይይዛል። ከተማ ውስጥ ፍሬን ሲያዝ የሚመጣው ሙቀት ያንን ጭምደዳ ትንሽ ያላላዋል እንጂ አይፈታውም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከውጭ የሚታይ ነገር አለ? ምንም! ታምቡሩን ነቅላችሁ ከነአቧራው ብታዩት አንድ ወጥ ግራጫ ዕቃ ነው። አደጋውም ከዚህ ይጀምራል። ታምቡር ሲቆይ ሸራው ቦይ ይሠራበታል። ያን ጊዜ ባለመኪናው ቶርኖ ቤት ይወስደዋል፤ ቶርኒተሩ ውስጡን ልጦ ያስተካክለዋል። ሥራው ትክክል ነው፤ አምራቹም እስከ ተወሰነ ልክ ይፈቅደዋል። ግን በተላጠ ቁጥር የሚሳሳው ቀለበቱ ነው። ሦስት አራት ባለቤት የቀያየረ ታምቡር ስንት ጊዜ እንደተላጠ ማን ያውቃል? ቀለበቱ እንደ ቆርቆሮ ከሳሳ በኋላ፣ በሙቀትና በግፊት ሊሰነጠቅ ይችላል። ጭራሽ ካለቀ ሸራው አሉሚኒየም ላይ ይደርሳል። ያን ቀን ደግሞ መኪናው ቸርችል ጎዳና ላይ ቁልቁል እየወረደ ሊሆን ይችላል።

እርግጥ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት የፊት ዲስኮች ናቸው። የኋላው ግን ሲከዳ፣ በተለይ አንዱ ጎን ብቻ ሲከዳ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ አይቆምም።

ስለዚህ ያገለገለ የላዳ ታምቡር ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ውጭውን ስትነኩት አይስበውም፤ አሉሚኒየም ነውና። የውስጡን ግድግዳ ስትነኩት ይስበዋል። ከዚያ ጠርዙን በጨርቅ ወልውላችሁ በብርሃን እዩት፤ ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙበት ቀጭን መስመር ይታያችኋል። የቀለበቱን ውፍረት የምትገምቱት ከዚያ ነው። ውስጡን በቬርኒየር ካሊፐር ለክታችሁ ከ250 ምን ያህል እንደራቀ ማየት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

130 የሚል ቁጥር

አሁን ከጎማው ወደ ኮፈኑ ሥር እንግባ። የአሮጌ መኪና ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉት ካርቡራተር ውስጥ ነው። የላዳ የመጀመሪያዎቹ ካርቡራተሮች በጣሊያኑ ዌበር ፈቃድ የተሠሩ ናቸው፤ ቮልስዋገን ደግሞ ሶሌክስ ነበር የሚጠቀመው። ሁለቱም ውስጥ፣ ቤንዚኑ በሚጠራቀምበት ገንዳ አካባቢ፣ ከጥፍር የማትበልጥ የነሐስ ብሎን አለች። መሃሏ ተበስቷል። ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቤንዚን ዋናው ክፍል የሚያልፈው በዚያች ቀዳዳ ነው። ጭንቅላቷ ላይ ቁጥር ተቀርጾባታል፤ ለምሳሌ 130። ይህ ማለት ቀዳዳው 1.30 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

ይህ ቁጥር የተመረጠው ለማን ነው? በአብዛኛው ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆኑ ከተሞች። ጊዮርጊስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው፤ ውሃውም 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው ለዚህ ነው። ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር መጠኑ ያው ሆኖ ክብደቱ በሩብ ይቀንሳል።

ቤንዚኑስ? እዚህ ጋ ነው ጨዋታው። አየር በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል፤ ያ የግፊት ልዩነት ቤንዚኑን ይስበዋል። በቀዳዳ የሚፈስ ፈሳሽ ግን የሚከተለው የግፊቱን ልዩነት ስኩዌር ሩት ነው። አየሩ 0.75 ሲሆን፣ ስኩዌር ሩቱ 0.87 ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር አየሩ በ25 በመቶ ሲቀንስ ቤንዚኑ የሚቀንሰው በ13 በመቶ ብቻ ነው። ድብልቁ በ15 በመቶ ገደማ ቤንዚን ይበዛበታል። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፤ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ ቶሎ የሚያልቅ ነዳጅ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ደግሞ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ሞተሩን ያስረጀዋል።

መፍትሔው የቀዳዳውን ስፋት በ13 በመቶ መቀነስ ነው። የክብ ስፋት የዲያሜትሩን ስኩዌር ስለሚከተል ዲያሜትሩ የሚቀንሰው በ7 በመቶ ብቻ ይሆናል። 130 የነበረው ወደ 120 ይወርዳል ማለት ነው። አንዲት ብሎን መቀየር፣ በቃ! (የጠፋውን የሞተር ጉልበት ግን አይመልሰውም። ሩቡ አየር የለም፤ የሌለ አየር አይቃጠልም።)

ታዲያ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማየው የዚህን ተቃራኒ ነው። ቀዳዳው በቆሻሻ ሲዘጋ በሽቦ ይጎረጎራል። ነሐስ ለስላሳ ነው። ሽቦው 0.05 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል፣ ቢያሰፋው ስፋቱ በ8 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቷ ላይ ያለው ቁጥር እውነት አይናገርም። ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፎ በታመቀ አየር መንፋት ይበቃት ነበር። በእኔ ግምት ብዙ ሰው «ላዳ ነዳጅ ጠጪ ናት» የሚላት በሞተሯ ጥፋት ሳይሆን በዚህች ቀዳዳ ምክንያት ነው።

የቮልስዋገኗ አኮርዲዮን

ቮልስዋገን በአገራችን ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሷ የኋላ ወንበር ነበር። ለመካኒክ ግን ሌላ ነገሯ ነው የሚገርመው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በኋላ የተሠሩት ላይ የፊት መስታወቱን የሚያጥበው ውሃ የሚረጨው በሞተር ፖምፓ አይደለም፤ በስኮርታው ጎማ አየር ነው! ከስኮርታው አንድ ቀጭን ቱቦ ወደ ውሃው ዕቃ ይሄዳል። መስታወት ሲታጠብ ስኮርታው ጨርሶ እንዳይተነፍስ ደግሞ፣ ግፊቱ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ መስመሩን የሚዘጋ ቫልቭ አለ።

የቮልስዋገን ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በማራገቢያ አየር ነው። ራዲያተር ከሌለ ቴርሞስታት ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ከሞተሩ ሥር በስተቀኝ በኩል ግን እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈች ትንሽ የብረት ቆርቆሮ አለች። ውስጧ በሙቀት በቀላሉ ወደ ተን የሚለወጥ ፈሳሽ ታሽጎባታል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ትኮማተራለች፤ በቀጭን ዘንግ የተያያዙት መዝጊያዎች ይዘጋሉ፤ አየሩ ሲሊንደሮቹን አይነካም፤ ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል። ሲሞቅ ፈሳሹ ይተንና አኮርዲዮኗ ትረዝማለች፤ መዝጊያዎቹ ይከፈታሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ የብልሽቷ ነገር ነው። ይህች ቆርቆሮ አንድ ቀን መቀደዷ አይቀርም። መሐንዲሶቹ ይህን አስቀድመው አስበውበታል። ስትሠራ የራሷ የመለጠጥ ጉልበት ወደ መርዘም ነው፤ አጭር አድርጎ የያዛት ውስጧ ያለው ዝቅተኛ ግፊት ነው። ስለዚህ ስትቀደድ አየር ይገባና ትረዝማለች፤ መዝጊያዎቹም ክፍት ሆነው ይቀራሉ። ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል እንጂ አይቃጠልም። ጥፋቱ ወደ ደህናው አቅጣጫ እንዲሆን ተደርጓል።

የላዳ ቴርሞስታት በዚህ በኩል እንደ ቮልስዋገኗ ጨዋ አይደለም። እሱ ውስጥ ያለው ሰም ነው። እውነተኛ ሰም፤ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲቀልጥ መጠኑ ይጨምርና ዘንግ ይገፋል። በአንድ በኩል ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ይከፍታል፤ በሌላው በኩል ውሃውን በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን በር ይዘጋል። ሁለት በር፣ አንድ ዘንግ።

እኛ ጋ «ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው» ተብሎ ውስጡ ተነቅሎ ይጣላል። ሞተሩ ሲግል የሚሰጠው የመጀመሪያ መድኃኒትም ይኸው ነው። ሰዎች የሚያስቡት አንዱን በር ብቻ ነው፤ «ከተነቀለ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ ሞተሩ ይቀዘቅዛል» ይላሉ። አቋራጩም አብሮ ክፍት እንደቀረ ግን አይታያቸውም። ውሃ ደግሞ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ እየተመለሰ ይዞራል። ጠዋት ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ ነዳጅ ይጨርሳል፤ ከሰዓት ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ይግላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ውሃው እዚህ ከተማ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ሞተሩ በትክክል ከሚሠራበት ሙቀት እስከ መፍላት የቀረችው 12 ዲግሪ ብቻ ናት።

የተጠረጠረ ቴርሞስታት ከመጣሉ በፊት ቤት ውስጥ ሊፈተን ይችላል። ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ፣ በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ ባለ ውሃ ንከሩት፤ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ካላችሁ ጨምሩበት፤ ውሃውን ቀስ ብላችሁ አሙቁት። 80 ገደማ ላይ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር 92 ከሆነ ግን በድስት አትድከሙ። አዲስ አበባ ላይ ውሃው ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ፣ ደህናው ቴርሞስታት ራሱ እንደሞተ ዝም ይላችኋል።